ጫት፣ አረቄ፣ ሲጋራ፦ ጅማ ላይ የትኛው የምክር አካሄድ ለማን ይሆናል?

ጅማ ላይ ልጁ ጫት ያበዛበት አባት፣ ባሏ አረቄ ቤት የሚያመሽባት ሚስት፣ ሲጋራ ላቁም ብሎ የተነሣ ተማሪ፣ ሁሉም የሚሰሙት አንድ ነገር ነው፦ «አማካሪ ይየው።» ምክር ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የአሥር ደቂቃ ውይይት አለ፤ ሦስት ወር የሚፈጅ ልምምድ አለ፤ የሚቅመውን ወይም የሚጠጣውን ትቶ እናቱን ወይም ሚስቱን የሚያሠለጥንም አለ። «ምክር ሞክረን አልሆነም» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ገና ላልቆረጠ ሰው የቆረጠ ሰው ምክር ስለሚሰጠው ነው። እንዴት እንደሚያቆም ዝርዝር ዕቅድ ያስይዙታል፤ እሱ ግን ማቆም ይፈልግ እንደሆነ እንኳ አልለየም። ተቃራኒውም ይደርሳል፤ ወስኖ የመጣን ሰው ስለ ጫት ጉዳት ሲነግሩት ይቆዩና ነገ 8 ሰዓት ላይ ምን እንደሚያደርግ ሳይነጋገሩ ያሰናብቱታል። ስለዚህ ዘዴ ከመምረጥ በፊት ሰውየው ዛሬ የት እንደቆመ ማወቅ ይቀድማል።

ሐኪም የሚቀድምባቸው ሁኔታዎች

በየቀኑ በብዛት የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሰውነቱ ላይ የሚደርሰውን ምክር አይመልሰውም። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራሉ። እንደ ሚጥል በሽታ የሚያንፈራግጠው መንቀጥቀጥ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ቀንና ቦታ መሳት፣ ትኩሳት ሊከተል ይችላል፤ ይህ ካልታከመ ሊገድል ይችላል። ጠዋት ሳይጠጣ እጁ የማይረጋ፣ ወይም ከዚህ በፊት ሲያቆም ወድቆ ያንፈራገጠው ሰው በሐኪም ክትትል ማቆም አለበት። ሕክምናው የታወቀ ነው፦ እየቀነሰ የሚሄድ ዲያዚፓም (የሚያረጋጋ መድኃኒት)፣ ቫይታሚን ቢ1 እና ፈሳሽ። ምልክቱ ከተነሣ ጅማ ሜዲካል ሴንተር ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ እስኪነጋ አትጠብቁ።

እዚህ ላይ ደጋግሞ ሊነገር የሚገባው ጉዳይ አለ። ጾም ሲገባ፣ በረመዳን ዋዜማ ወይም ጸበል ሲሄድ በአንድ ቀን የሚያቆም ሰው አለ። ውሳኔው የሚከበር ነው፤ የእምነቱ ጉልበት ለቀጣዩ ሁሉ ስንቅ ይሆናል። ሆኖም ከባድ ጠጪ ከሆነ ከመሄዱ በፊት ሐኪም ይየው፣ መድኃኒት ከታዘዘለትም እዚያው ሆኖ ይውሰድ። ለረጅም ጊዜ ዲያዚፓም ወይም ትራማዶል (የሕመም ማስታገሻ) ሲወስድ የኖረም እንዲሁ በአንድ ጊዜ ማቋረጥ የለበትም።

ጫት በዚህ በኩል ይለያል። ሲተዉት ድካም፣ መነጫነጭ፣ ድብርት፣ እንቅልፍ ማብዛት፣ ሐራራና ዱካክ (የሚያስጨንቅ ቅዠት) ያስጨንቃሉ እንጂ እንደ አልኮሉ ለሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ አያመጣም። በአንድ ቀን ማቆምም፣ እየቀነሱ መሄድም ይቻላል። ለጫት ሐኪም የሚቀድመው ሌላ ምልክት ሲታከልበት ነው፦ ድምፅ መስማት፣ «ይከታተሉኛል» ማለት፣ ለቀናት አለመተኛት፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ። ከእነዚህ አንዱ ካለ መጀመሪያ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው የሚኬደው።

መለኪያው

የዓለም ጤና ድርጅት ሁለት መጠይቆች አዘጋጅቷል። «ኦዲት» የሚባለው ለአልኮል ብቻ ነው፤ 10 ጥያቄዎች አሉት፣ ነጥቡም ከ0 እስከ 40 ነው። 8 እና ከዚያ በላይ አደገኛ አጠጣጥን ያሳያል፤ 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥገኝነት ሊኖር ስለሚችል በባለሙያ መታየት አለበት። «አሲስት» ደግሞ ሁሉንም ያካትታል። ለጫትም ሆነ ለሲጋራ እስከ 3 ነጥብ ዝቅተኛ፣ ከ4 እስከ 26 መካከለኛ፣ 27 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ አደጋ ነው፤ ለአልኮል መካከለኛው የሚጀምረው ከ11 ነው።

ኦዲት ሲሞላ የሚሳሳተው ብርጭቆው ላይ ነው። መጠይቁ የሚቆጥረው 10 ግራም ገደማ ንጹሕ አልኮልን እንደ አንድ መጠጥ አድርጎ ነው። 40 በመቶ አልኮል ባለው አረቄ ይህ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ 5 በመቶ የሆነ 330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ቢራ ግን ብቻውን 13 ግራም ይይዛል። «ሁለት መለኪያ ብቻ» የሚል ሰው መለኪያው ትልቅ ከሆነ አራት ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። የሚጠጣበትን መለኪያ በውኃ ሞልቶ በመርፌ ሲሪንጅ መለካት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ግምቱን ሁሉ ያቃናል። የቤት ጠላና ጠጅ ጥንካሬያቸው ከጠማቂ ጠማቂ ስለሚለያይ ለእነሱ ከቁጥሩ ይልቅ «ስንት ቀን ከቤት ሳትወጣ ቀረህ? ስንት ጊዜ ያደረግኸውን አላስታወስክም?» የሚሉት ጥያቄዎች ይበልጥ ይናገራሉ።

አጭር ምክር፦ ላልጠበቀው ሰው

ለሌላ ሕመም ጤና ጣቢያ የመጣና ነጥቡ መካከለኛ የሆነ ሰው ከ5 እስከ 15 ደቂቃ የሚወስድ ምክር ይበቃዋል፤ ይህን ነርሷም ጤና መኮንኑም መሥራት ይችላሉ። ነጥቡን ያሳዩታል፣ ከመጣበት ሕመም ጋር ያገናኙለታል (የጨጓራው ማቃጠል፣ የግፊቱ መጨመር፣ እንቅልፍ ማጣቱ)፣ ውሳኔው የእሱ መሆኑን ይነግሩታል፣ ከማቆምና ከመቀነስ ሁለት ሦስት አማራጭ ያቀርቡለታል፣ ቀጠሮ ይሰጡታል። ናይሮቢ ውስጥ ጫት በሚቅሙ ሶማሌዎች ላይ በተደረገ ሙከራ እንዲህ ያለው ምክር ሰዎቹ ለጫት የሚያውሉትን ጊዜ ቀንሷል። ለሲጋራም ያው አካሄድ ይሠራል፤ እዚያ ላይ የሚያቆምበትን ቀን በሁለት ሳምንት ውስጥ ማስቆረጥና የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት እንደሚከብዱ አስቀድሞ መንገር ይጨመራል።

ነጥቡ 27 ካለፈ ግን አጭር ምክር በር መክፈቻ ብቻ ነው፤ ለብቻው አይበቃም።

ፍላጎትን የሚያነቃ ውይይት፦ «ልተው አልተው» ለሚል

ይህን አካሄድ ዊልያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 አስተዋወቀው፤ በኋላም ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር አዳበሩት። መነሻው ቀላል ነው፦ በልቡ ሁለት ሐሳብ ያለውን ሰው አንዱን ይዛችሁ ብትሞግቱት እሱ ሌላውን ይዞ ይከራከራል፤ ሲከራከርም ራሱን ያሳምናል። ስለዚህ የመለወጥ ምክንያቶቹን መናገር ያለበት እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ቀጠሮ ይበቃል።

በተግባር እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ ጫቱ የሚሰጠውን በቅንነት ይጠይቁታል፦ «ምርቃናው ምን ይጠቅምሃል?» ተማሪው «ሌሊቱን ያስነብበኛል፣ ከልጆቹ ጋር ያጫውተኛል» ይላል። ይህን አትቃወሙት፤ እውነቱን ነው የተናገረው። «ታነብበታለህ፣ ከጓደኞችህም አትለይበትም» ብላችሁ መልሱለት። ቀጥሎ «ምንስ ይወስድብሃል?» ይባላል፤ ያኔ የጠዋቱን ክፍል መቅረት፣ የቤተሰቡን ገንዘብ፣ ጨብሲውን (ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣውን) ራሱ ያነሣዋል። ከዚያ «ለመቀነስ ያለህ ፍላጎት ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ይጠየቃል። 4 ካለ ቀጣዩ ጥያቄ «ለምን 1 አልሆነም?» ነው። «ለምን 10 አልሆነም?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው የሰበብ ዝርዝር ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ግን የመለወጥ ምክንያቶችን ከአፉ ያወጣል። ልዩነቱ የአንድ ቃል ይመስላል፤ ውይይቱን ግን ወደ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይወስደዋል።

እኛ አገር ይህ አካሄድ የሚበላሸው በ«እሺ» ነው። በዕድሜ ወይም በሥልጣን የሚበልጠው ሰው ሲመክረው ጎረምሳው አንገቱን ደፍቶ «እሺ ጋሼ» ይላል። ይህ እሺታ አክብሮት ነው፣ ውሳኔ አይደለም። ማጣሪያው «እሺ ያልከውን በራስህ አባባል ንገረኝ፤ ነገ ከምሳ በኋላ የት ትሆናለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልስ ከሌለው ገና አልወሰነም፤ ዕቅድ ማስያዝ ይቆይ። ታላቅ ሰውን የምታማክሩ ከሆነም «እርስዎ ራስዎ ምን ታዝበዋል?» ብሎ መጀመር ከማስተማር ይሻላል። ቋንቋም መታየት አለበት። ሐራራውንና ሐፍረቱን በአፋን ኦሮሞ የሚያስብ ሰው በአማርኛ ሲጠየቅ አጭር መልስ ይሰጣል፤ እንደ ግድየለሽም ይቆጠራል። በሚመቸው ቋንቋ የሚያነጋግረው ሰው ይፈለግለት።

የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና፦ ወስኖ ላቃተው

«ማቆም እፈልጋለሁ፣ አንድ ሳምንት ቆይቼ እመለሳለሁ» ለሚል ሰው ተጨማሪ ማሳመን ጊዜ ማባከን ነው። የሚያስፈልገው ልምምድ ነው፦ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከ45 እስከ 60 ደቂቃ፣ ብዙውን ጊዜ ለ12 ሳምንታት ገደማ። አለን ማርላት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያደራጀው ማገርሸትን የመከላከል ሥራም እዚህ ውስጥ ይገባል።

ሥራው የሚጀምረው የመጨረሻውን አንድ ቀን ሰዓት በሰዓት በመዘርዘር ነው። ጅማ ላይ ለጫት ይህ ዝርዝር በጣም ይመሳሰላል፦ ምሳ ይበላል፤ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ድካም ይጫናል፤ ስልክ ይጮኻል፣ «ና፣ ቅጠል ተገዝቷል»፤ «ዛሬ ብቻ» የሚል ሐሳብ ይመጣል፤ በርጫው ይጀመራል፤ በበርጫው ላይ ሲጋራ ይከተላል፤ 12 ሰዓት ሲሆን ምርቃናው ይወርድና ጭንቀት ይገባል፤ ያን ለመስበር ጨብሲ ይኬዳል፤ ሌሊቱ ያለ እንቅልፍ ያልፋል፤ ጠዋት ሰውነት ይዝላል፤ ከምሳ በኋላ ድካሙ እንደገና ይመጣል። አንድ አማካሪ ይህን ሁሉ ሳያይ «አልኮሉን ተው» ቢል ሰውየው ምርቃናውን የሚያበርድበት ነገር አጥቶ ይቀመጣል፤ በሦስተኛው ቀን ይጠጣል። ጨብሲው የጫቱ ጭራ ነው፤ መቀነስ የሚጀምረው ከጭንቅላቱ፣ ከጫቱ ነው። ይህ በየቀኑ በብዛት ለሚጠጣውና ጠዋት እጁ ለሚንቀጠቀጠው አይሠራም፤ እሱ ከላይ ወደ ተነገረው ሐኪም ይሂድ።

ቀጥሎ ከሰንሰለቱ የሚቆረጥ ቦታ ይመረጣል። ቀላሉ የመጀመሪያው ነው። ጫት ትኩስ ሆኖ በየቀኑ የሚገዛ ነገር ስለሆነ ከምሳ በኋላ ጥሬ ገንዘብ ሳይዙ መዋል፣ የጫት ተራውን መንገድ መቀየር፣ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ስልክ መዝጋት፣ አጭር እንቅልፍ መተኛት፣ እነዚህ ጥቃቅን ይመስላሉ፤ ሆኖም «ጠንክር» ከሚለው ምክር ይልቅ ይይዛሉ። እየቀነሰ ሊተው የፈለገ ሰው መቀነሻውን በቁጥር ይያዝ፦ መጀመሪያ የጠዋቱን፣ ከዚያ የእስሩን ግማሽ፣ ከዚያ በቀን ልዩነት፣ ከዚያ በሳምንት አንድ። «ትንሽ እቀንሳለሁ» ቁጥር የለውም፣ አይለካምም።

በእኛ ግምት ለጫት የሚያስፈልገው ዋናው ሥራ የከሰዓቱን ሰዓታት መሙላት ነው። በርጫ ቅጠል ብቻ አይደለም፤ ጓደኛ፣ ወሬ፣ የሥራ መረጃ፣ አንዳንዴም ዱዓ ያለበት ቦታ ነው። ያን ሁሉ ወስዶ ባዶ ክፍል የሰጠ ዕቅድ ይፈርሳል። ምትኩ በዚያው ሰዓት የሚሆን፣ ሰው ያለበት፣ ሰውነትን የሚያንቀሳቅስ ቢሆን ይመረጣል። ኳስ ጥሩ ነው፤ ግን የጅማ ዝናብ ወራት የሚቆይ ስለሆነ በክረምት ኳሱ ይቀራል፣ ዕቅዱም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚሆን ሁለተኛ ምትክ ከመጀመሪያው ይጻፍ። የአደጋ ቀኖችም በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ይደረግባቸው፦ በማና፣ በጎማና በአጋሮ በኩል የቡና ገንዘብ የሚገባበት ወቅት፣ የፈተና ሳምንት፣ ሠርግ፣ የረመዳን ሌሊት።

ሐራራ ሲነሣ ይወጣል፣ ይደርሳል፣ ይወርዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ይቆጠራል። ሰዓት ይዞ መጠበቅ፣ ውኃ መጠጣት፣ ቦታ መቀየር፣ ለአንድ አስቀድሞ ለተመረጠ ሰው መደወል ይለማመዱታል። ማስታወሻ መያዝ የዚህ አካሄድ ግማሽ ነው፤ ማንበብና መጻፍ ለማይችል ሰው ደግሞ እያንዳንዱን ሲጋራ ሲያጨስ አንድ የቡና ፍሬ ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ ማዛወር ይበቃዋል፤ ማታ ይቆጠራል።

የሚበላሸው ከአንድ ነገር ነው፦ ድብርት ሳይታይ ሲቀር። ጫት ካቆመ ከሁለት ሳምንት በኋላም ከአልጋ መነሣት ያቃተውን ሰው «ስንፍና» እያሉ የቤት ሥራ መስጠት ያስሸሻል። ድብርቱ በራሱ ይታከም።

«ምንም ችግር የለብኝም» ሲል፦ ቤተሰብን ማሠልጠን

ሰውየው አማካሪ ዘንድ የማይሄድ ከሆነ መሄድ ያለበት ቤተሰቡ ነው። ብዙ ቤት የሚመርጠው ሽማግሌና ዘመድ ሰብስቦ ማፋጠጥ ነው፤ በፍቅር የሚደረግ ቢሆንም ያዋርዳል፣ ያስኮርፋል። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ቤተሰብን ማሠልጠንንና እንዲህ ያለውን ማፋጠጥ አነጻጽሮ ነበር። ከሠለጠኑት ቤተሰቦች 64 በመቶው የሚጠጣውን ዘመዳቸውን ወደ ሕክምና ማምጣት ሲችሉ፣ ከማፋጠጡ ቡድን የቻሉት 30 በመቶ ናቸው። አገሩ ቢለይም ሥራው እዚህ የሚሆን ነው።

እናት ወይም ሚስት የምትለማመደው ይህን ነው፦ በምርቃና ወይም በስካር ሰዓት ስለ ጉዳዩ አለመናገር፤ ሳይቅም ወይም ሳይጠጣ በዋለበት ቀን ቡናውን አፍልታ አብራ መጫወት፣ በሌላው ቀን ያለ ጭቅጭቅ ወደ ሥራዋ መሄድ፤ ዕዳውን አለመክፈል፣ ለአለቃው «አሞት ነው» ብላ አለመደወል። ከዚያ ራሱ ተጸጽቶ የሚናገርበትን ጠዋት መጠበቅ። በዚያ ሰዓት «ነገ አብሬህ ልሂድ? ቀጠሮ ይዣለሁ» ማለት ስላለባት ቀጠሮው አስቀድሞ የተያዘ መሆን አለበት፤ «እንፈልጋለን» ሲባል ጸጸቱ ያልፋል። ቤት ውስጥ ድብደባ ካለ ግን ይህን አካሄድ አትጀምሩ፤ የእሷና የልጆቹ ደኅንነት ይቀድማል።

ቡድን፣ የእምነት ቦታና ሽልማት

የ12 እርምጃ ቡድኖች እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ከተመሠረተው አልኮሊክስ አኖኒመስ የመጡ ናቸው። ጥንካሬያቸው ሰውየው ምሽት ላይ የሚደውልለት ሰው ማግኘቱ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ለማቆም ለወሰነ ይሆናሉ፣ ለመቀነስ ለሚፈልግ አይሆኑም። በአቅራቢያ ቡድን ከሌለ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የጸሎት ቤቱ ወጣቶች ይህን ቦታ ሊይዙ ይችላሉ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሞ ይጣራ፦ የወደቀ ሰው ተመልሶ ሲመጣ እንዴት ይቀበሉታል? የሚያሳፍሩት ከሆነ ሲያገረሽበት ይደበቃል፣ ሲደበቅ ደግሞ ይብስበታል።

በሽንት ምርመራ ንጹሕ ለሆነ ሰው ሽልማት መስጠት ለአነቃቂ ዕፆች በውጭ አገር ጥሩ ውጤት ያሳየ ነው፤ ነገር ግን ለጫት ይህን ምርመራ በቀላሉ ማግኘት ስለማይቻል ቤተሰብ በግምት ቢሞክረው ወደ ጭቅጭቅ ይለወጣል። ለአሁኑ ተዉት።

አማካሪውን ስትመርጡ

ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ጠይቁ፦ በየትኛው አካሄድ ነው የሚሠሩት? ስንት ቀጠሮ? ለውጡን በምን ትለካላችሁ? መድኃኒት ካስፈለገ ለማን ትልካላችሁ? የምነግራችሁን ለማን ትናገራላችሁ? የመጨረሻው ጥያቄ ጅማ ላይ ክብደት አለው፤ ከሕርማታ እስከ ቦሳ ሰው ይተዋወቃል። ልጃቸውን ያመጡ ወላጆች ሪፖርት ይፈልጋሉ፤ ልጁ ደግሞ ሪፖርት እንዳለ ካወቀ እውነቱን አይናገርም። ለወላጅ የሚነገረው ምን እንደሆነ ሦስቱም ባሉበት በመጀመሪያው ቀን ይወሰን። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ምስጢሩ እንደማይጠበቅም ያን ቀን ይነገር።

ከ4 ቀጠሮ በኋላ የቁጥር ለውጥ ከሌለ አካሄዱን ቀይሩ። በውይይት የተጀመረ ሰው ወስኖ ከሆነ ወደ ልምምዱ ይሻገር፤ ልምምዱን የጀመረ ሰው የቤት ሥራውን በተከታታይ ካልሠራ ፍላጎቱ ወርዷልና ወደ ውይይቱ ይመለስ።

ካገረሸ ደግሞ በዚያው ቀን የሚደረግ ነገር አለ። የቀረውን ቅጠል ወይም መጠጥ ከቤት ማውጣት፣ ለተመረጠው ሰው መደወል፣ ሰንሰለቱን ከሥር ጀምሮ መጻፍ፦ የት ነበርኩ፣ ስንት ሰዓት ነበር፣ ማን ደወለ፣ ምን አልኩ? «አንዴ ተበላሽቷል» የሚለው ሐሳብ የአንድ ከሰዓትን ስህተት የአንድ ወር ያደርገዋልና ያን ሐሳብ በስሙ መጥራት ይለማመዱ። ለወራት ያልጠጣ ሰው ሰውነቱ የድሮውን ያህል እንደማይችልም ይወቅ፤ በድሮው ልክ ቢጠጣ ሊመረዝ ይችላል። የሚቀጥለውን ቀጠሮ አይሰርዝ፤ የጻፈውን ሰንሰለት ይዞ ይምጣ፣ አማካሪውም ሥራውን ከዚያ ወረቀት ይጀምር።